የአይሮፕላን ነጂነት ትምህርትና የመምህሩ ኀላፊነት

አይሮፕላን በከተማችን ሰማይ ላይ ሲያልፍ ቀና ብሎ የማይመለከት ሰው ጥቂት ነው። በተመለከትንም ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የምናደንቀው ብረቱን ነው፤ የክንፉን ስፋት፣ የሞተሩን ኀይል፣ የፍጥነቱን ብዛት እናወሳለን። ነገር ግን ያ ብረት በሰላም ተነሥቶ በሰላም የሚያርፈው ብረቱ ስለ ጠነከረ ብቻ አይደለም። መሪውን የያዘውን ሰው ሌላ ሰው አስቀድሞ በትዕግሥትና በማስተዋል ስላስተማረው ጭምር ነው። ስለዚህ የዛሬው ንግግራችን ስለ ብረቱ ሳይሆን ስለዚያ መምህር ይሆናል። ጥያቄያችንም አንድ ነው። አንድ የበረራ ተማሪ ከሰማይ ወድቆ ቢሞት፣ ጥፋቱ የማን ነው? የተማሪው ነውን? ወይስ ያስተማረው ሰው?

ይህን ጥያቄ አጥብቆ የጠየቀና መልሱንም በሥራ ያሳየ አንድ እንግሊዛዊ መኮንን ነበረ። ታሪኩን ከመተረካችን በፊት ግን የበረራ ትምህርት ከእርሱ በፊት ምን ይመስል እንደ ነበር መመልከት ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ዓ.ም. ካልተባለባቸው በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1903 የመጀመሪያውን በሞተር የሚሄድ አይሮፕላን ያበረሩት ሁለቱ የራይት ወንድማማቾች መምህር አልነበራቸውም፤ ራሳቸው ተማሪ፣ ራሳቸው አስተማሪ ነበሩ። ከእነርሱ በኋላ የመጡት ግን መማር ግድ ሆነባቸው። በእንግሊዝ አገር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተማሪው ከመምህሩ በስተኋላ ይቀመጥና በትከሻው ላይ እጁን አሳልፎ የመሪውን ዘንግ እየነካ እንቅስቃሴውን ለማወቅ ይጣጣር ነበር። በፈረንሳይ አገር በብሌሪዮ ትምህርት ቤት ደግሞ ተማሪው ገና ከመጀመሪያው ብቻውን ይቀመጥ ነበር። ክንፉ ባጠረና ከመሬት ሊነሣ በማይችል አይሮፕላን ሜዳ ለሜዳ እየሮጠ መሪ መያዝን ይለማመዳል፤ ከዚያም ጥቂት ከፍ ወደሚል፣ ቀጥሎም በእውነት ወደሚበር አይሮፕላን ይሸጋገራል። ያንን የማይበር አይሮፕላን ፈረንሳዮቹ በማይበረው ወፍ ስም ፔንግዊን ይሉት ነበር።

በ1914 ታላቁ ጦርነት ሲነሣ ይህ ዝግተኛ አካሄድ ጊዜ አጣ። ጦር ሜዳው ነጂ ይጠይቃል፤ ትምህርት ቤቱም ያልበሰለውን ይልካል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በጥድፊያ የተሰጠው ትምህርት በጥድፊያ ጊዜ የማይረዳ ሆነ። መምህራኑም ቢሆኑ ማስተማርን የተማሩ አልነበሩም። ብዙዎቹ ከጦር ግንባር ደክመው ወይም ቆስለው የተመለሱ፣ ሥራውንም እንደ ዕረፍት ወይም እንደ ቅጣት የሚቈጥሩ ነበሩ። በሞተሩ ጩኸት የተነሣ መምህሩ የሚናገረውን ተማሪው ስለማይሰማ፣ ትምህርቱ የሚሰጠው በምልክትና ትከሻን በመምታት ነበር። ተማሪው መሪውን ቢይዝም አይሮፕላኑን የሚመራው የእርሱ እጅ ይሁን ወይም የመምህሩ እጅ በእርግጥ አያውቅም።

ከሁሉ የሚብሰው ግን መምህሩ ተማሪውን መፍራቱ ነበር። ነፋስ ከበረታ አይበሩም፤ ክንፍን ክፉኛ አዘንብሎ መዞር የተከለከለ ነው፤ አይሮፕላኑ ከቍጥጥር ሲወጣ ምን እንደሚሆን አይነሣም። ይህም ለደኅንነት ሲባል የተደረገ ጥንቃቄ ይመስላቸው ነበር። ከዚህ የተነሣ ተማሪው ከመምህሩ ጋራ ሳለ አንድም ጊዜ ያላየውን አደጋ ብቻውን በሆነ ቀን በሰማይ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ይገናኘዋል።

ከእነዚህ አደጋዎች ዋነኛው አይሮፕላን እንደ እንዝርት እየተሽከረከረ የሚወድቅበት ሁኔታ ነበር። ምክንያቱን በአጭሩ እንግለጥ። አይሮፕላንን ተሸክሞ የሚይዘው በክንፉ ላይ በሥርዓት የሚፈሰው አየር ነው። ነጂው ፍጥነቱ ቀንሶ ሳለ አፍንጫውን ወደ ላይ አብዝቶ ቢያነሣ፣ አየሩ ከክንፉ ላይ ይላቀቅና ክንፉ መሸከም ይተዋል። አይሮፕላኑ በዚያን ጊዜ ወደ አንድ ጎን ያጋደለ እንደ ሆነ አንደኛው ክንፍ ከሌላው ይልቅ ይወድቃል፤ መሽከርከሩም ይጀምራል። እንግዲህ ክቡር አንባቢ፣ ራስዎን በዚያ ወንበር ላይ ያስቡ። መሬት ከፊትዎ እየዞረች ትመጣለች። እጅዎ ምን ሊያደርግ ይፈልጋል? ያለ ጥርጥር መሪውን ወደ ራሱ ስቦ አፍንጫውን ከመሬት ለማንሣት ይፈልጋል። ነገር ግን ክንፉን ያደከመው ያው ከመጠን ያለፈ ማንሣት ስለሆነ፣ መሳቡ ውድቀቱን ያጸናዋል። በዚህ ስፍራ የተፈጥሮ ምክር የሞት ምክር ነው። ሰው ይህን በራሱ ስሜት ሊደርስበት አይችልም፤ ሊማረው ይገባል።

መድኀኒቱም ፈጽሞ ያልታወቀ አልነበረም። በ1912 ኦገስት 25 ቀን ዊልፍሬድ ፓርክ የተባለ የእንግሊዝ የባሕር ኀይል መኮንን በሶልዝበሪ ሜዳ ላይ ሲበር እንዲህ ባለ መሽከርከር ውስጥ ገባ። ሌላው ሙከራ ሁሉ ከከሸፈበት በኋላ የጅራቱን መሪ በእግሩ ከሚዞርበት አቅጣጫ በተቃራኒው ረገጠ፤ አይሮፕላኑም መሬት ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ቀና አለ። የሆነውን ለባልንጀሮቹ ነገራቸው፤ ተጻፈም። ይሁን እንጂ አንድ ሰው ማወቁና ትምህርት ቤት ማስተማሩ ልዩ ልዩ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ብዙ ወጣቶች መድኀኒቱ ተገኝቶ ሳለ በዚያው ሕመም ሞቱ።

አሁን ወደ ሰውዬው እንምጣ። ስሙ ሮበርት ስሚዝ ባሪ ይባላል፤ በ1886 ተወለደ፤ መብረርንም በ1911 ተማረ። ጦርነቱ በተጀመረ በመጀመሪያው ወር በፈረንሳይ አገር አይሮፕላኑ ወድቆ አብሮት የነበረው ወታደር ሲሞት የእርሱ ሁለት እግሮች ተሰበሩ፤ ከዚያም ወዲህ ያነክስ ነበር። በ1916 በፈረንሳይ ግንባር የስድሳኛው የአየር ቡድን አዛዥ ሲሆን፣ ከአገር ቤት የሚላኩለትን አዳዲስ ነጂዎች ተመለከተ። በጥቂት ሰዓት በረራ ብቻ ተምረው የመጡ ልጆች ነበሩ። አንዳንዶቹ የጠላት ጥይት ሳይነካቸው የገዛ አይሮፕላናቸው እየጣላቸው ይሞታሉ። ስሚዝ ባሪ በዚህ አዘነ፤ ማዘን ብቻም አይደለም፣ ስለ ትምህርቱ ጕድለት ለበላዮቹ ደጋግሞ ጻፈ። አለቆቹም በመጨረሻ፣ የምትነቅፈውን ሥራ እስቲ አንተው ሠርተህ አሳየን እንደ ማለት፣ በ1916 መጨረሻ በደቡብ እንግሊዝ ባሕር ዳርቻ በምትገኘው በጎስፖርት ከተማ የአንድ ማሠልጠኛ ቡድን አዛዥ አድርገው መልሰው ሾሙት።

በጎስፖርት የሠራው ሥራ ሲነገር ቀላል ይመስላል። በመጀመሪያ፣ ሁለት መሪ ባለውና አቭሮ 504 በሚባለው አይሮፕላን ተማሪውን እንደ መንገደኛ ሳይሆን ብቻውን ሲሆን በሚቀመጥበት በነጂው ወንበር ላይ አስቀመጠው። ሁለተኛ፣ በመምህሩ አፍና በተማሪው ጆሮ መካከል የጎማ ቱቦ ዘረጋ፤ በዚህም ምክንያት በበረራ ላይ ሰው ከሰው ጋራ በቃል መነጋገር ቻለ። ይህ ቱቦ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ የጎስፖርት ቱቦ እየተባለ ሲሠራበት ኖሯል። ሦስተኛ፣ ተማሪው ለብቻው ከበረረ በኋላም ከመምህሩ ጋራ መብረሩ እንዳይቋረጥ አደረገ፤ ስሕተት ሥር የሚሰደው ብቻን በሚበሩበት ጊዜ መሆኑን ዐውቆ ነበርና።

አራተኛውና ዋነኛው ግን ስለ አደጋ ያለውን አስተሳሰብ መገልበጡ ነው። ተማሪውን ከአደጋ ማራቅ አይጠቅምም፤ መምህሩ አብሮት ሳለ በበቂ ከፍታ ላይ ወደ አደጋው አግብቶ የመውጫውን መንገድ ማሳየት ይገባል አለ። ስለዚህ የጎስፖርት ተማሪዎች በነፋስ ቀን በረሩ፤ አዘንብለው ዞሩ፤ በእንዝርቱ ዓይነት ውድቀት ውስጥ ሆን ብለው ገቡ። የሞተሩን ኀይል መቀነስ፣ የጅራቱን መሪ በተቃራኒው መርገጥ፣ ዘንጉን ወደ ፊት መግፋት፣ መሽከርከሩ ሲቆም ቀስ ብሎ ማቅናት፤ ይህን ሁሉ ደጋግመው እስኪለምዱት ሠሩት። መምህሩም ተማሪው ሲሳሳት ወዲያው መሪውን ከእጁ አይነጥቅም፤ ስሕተቱን ዐይቶ ራሱ እንዲያርመው ይታገሠዋል። እያንዳንዱ ነገር ለምን እንደሚደረግ ይነገረዋል። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ፍርሀቱ ወደ ጥንቃቄ ይለወጣል፤ ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ግን ወይ ይደነግጣል፣ ወይ ያለ ልክ ይደፍራል።

ውጤቱ በታየ ጊዜ በ1917 የጎስፖርቱ ቡድን ልዩ የበረራ ትምህርት ቤት ተብሎ ተሰየመ። ሥራውም ተማሪዎችን ማስተማር ብቻ መሆኑ ቀርቶ መምህራንን ማስተማር ሆነ። ማስተማር ራሱን የቻለ ሙያ እንደ ሆነ፣ ጥሩ ነጂ ሁሉ ጥሩ መምህር እንዳልሆነ ታወቀ። ዘዴው ወደ ሌሎች የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ተዛመተ፤ በካናዳም በቶሮንቶ አጠገብ ተመሳሳይ ትምህርት ቤት ተቋቋመ። ስሚዝ ባሪ በ1949 ሞተ። ስሙን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ቢሆንም፣ ዛሬ በየትም አገር መምህርና ተማሪ በሁለት መሪ ተቀምጠው ሲነጋገሩ የሚሠሩት በመሠረቱ እርሱ ባስያዘው መንገድ ነው።

ታዲያ በሚገባ የተማረ ነጂ ከአደጋ ፈጽሞ ነጻ ነውን? ይህን የሚያስረዳ አንድ ታሪክ እንጨምር። በ1935 ኦክቶበር 30 ቀን በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት የቦይንግ ፋብሪካ የሠራው ባለ አራት ሞተር አይሮፕላን በመንግሥት ሹማምንት ፊት ለሙከራ ተነሣ። መሪውን የያዘው ሻለቃ ፕሎየር ሂል የታወቀ የሙከራ ነጂ ነበር። አይሮፕላኑ ሽቅብ ወጥቶ ወዲያው ወደቀ፤ ሻለቃው ሞተ፤ የፋብሪካው ዋና የሙከራ ነጂ ሌስሊ ታወርም በኋላ በደረሰበት ጕዳት ሞተ። ሲመረመር ከሞተሮቹ አንድም የተበላሸ አልተገኘም። አይሮፕላኑ በመሬት ላይ ሲቆም ነፋስ መሪዎቹን እንዳያወዛውዝ የሚያጠብቀው ማሠሪያ ከመነሣት በፊት ሳይፈታ ቀርቶ ነበር። ዕውቀት አልጐደለም፤ የጐደለው ማስታወስ ነው። ከዚያ ወዲህ ነጂዎቹ ከመነሣት በፊት፣ በበረራ ጊዜና ከማረፍ በፊት መደረግ ያለበትን አንድ በአንድ ጽፈው በወረቀት ላይ እያነበቡ መፈጸምን ሥርዓት አደረጉ። ሊቁም ሆነ ጀማሪው ያነባል፤ ማንበቡም ውርደት አይደለም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የመጀመሪያው አይሮፕላን አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። በሚከተለው በ1930 ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያዎቹ የነጂነት ፈቃድ ባለቤቶች ሆኑ። ከጠላት ወረራ በኋላም በቢሾፍቱ በስዊድናዊው በካውንት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን መሪነት የአየር ኀይሉ ወጣቶች ሳፊር በሚባል ትንሽ አይሮፕላን ተማሩ፤ በዚህ አይሮፕላን መምህርና ተማሪ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ ለእያንዳንዳቸውም መሪ አላቸው። የኢትዮጵያ አየር መንገድም በ1957 የመጀመሪያውን ኢትዮጵያዊ የመንገደኛ አይሮፕላን አዛዥ፣ ካፒቴን ዓለማየሁ አበበን አገኘ። ዛሬ በአዲስ አበባ ባለው ማሠልጠኛው ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የመጡ ተማሪዎችም ይማራሉ።

አገራችን ለተማሪ ነጂ የምትጨምረው የራስዋ ትምህርት አላት። የቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር የበለጠ ከፍታ አለው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ክንፉ ለመሸከም ይቸገራል፤ የትንሹ የመማሪያ አይሮፕላን ሞተርም ኀይሉ ይቀንሳል፤ ለመነሣትም ረዥም ሩጫ ያስፈልጋል። በባሕር ዳርቻ ሜዳ የበቃው ርቀት እዚህ አይበቃም። ትዕግሥት አጥቶ አፍንጫውን ቀድሞ የሚያነሣ ተማሪ ከላይ የተናገርነውን የክንፍ ድካም በራሱ ላይ ይጠራል። ይህን ለተማሪው አስቀድሞ መንገር የተራራው ዕዳ አይደለም፤ የመምህሩ ዕዳ ነው።

እንግዲህ ወደ መነሻው ጥያቄ እንመለስ። የሚሳሳተው ተማሪ ነው፤ መሳሳትም የተማሪ ወግ ነው። ነገር ግን ስሕተቱ ስሙን ሳይሰማ፣ መልኩን ሳያይ፣ መውጫውን ሳይማር የተላከ ተማሪ ቢወድቅ፣ ጥፋቱ ከእርሱ በፊት በመምህሩ ዘንድ ሊፈለግ ይገባል። ስሚዝ ባሪ ለአለቆቹ የጻፈው ነገር በአጭሩ ይኸው ነበር።

ክቡራን አንባብያን፤ ይህ ቃል ለሰማይ ብቻ የተነገረ አይምሰለን። በየመሥሪያ ቤታችን አዲስ ጸሐፊ፣ አዲስ ሒሳብ ያዥ፣ አዲስ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ይመጣል። እኛም ሥራው እንዳይበላሽ ብለን ከባዱን ነገር እንሸሽገዋለን፤ እኛ በሌለንበት ቀን ግን ከባዱ ነገር ብቻውን ያገኘዋል። ሲሳሳት መዝገቡን ከእጁ እንነጥቃለን፤ ለምን እንደ ተሳሳተ ግን አንነግረውም። እንዲህ ባለ ስሕተት ሰው ከሰማይ አይወድቅም፤ ነገር ግን አቤቱታ ይዞ በደጃችን የሚመላለሰው ድኻ በዚያ ስሕተት ይጎዳል። እኛም ከወንበራችን ሳንነሣ፣ ጀማሪው ከጎናችን ሳለ ከባዱን ሥራ አብረነው ብንሠራው የመምህርነትን ዕዳ ከፍለናል ማለት ነው።