ዓመታቸውን የሚደብቁ ገንዘቦች፤ ስለ አልበም አመራረጥ

በቤታችን ከአባቴ አያት የተወረሰ አንድ የቆርቆሮ ሣጥን አለ። በውስጡ አሥራ አንድ ጠገራ ብር፥ ሁለት የዐፄ ምኒልክ ብርና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የታተሙ አርባ ያህል ሳንቲሞች ይገኛሉ። ከሦስት ዓመት በፊት አባቴ ሣጥኑን ሲያስረክቡኝ «ታሪክ ትወድዳለህና ያዘው፤ ብቻ እንዳታጠፋው» አሉኝ። እኔ ግን ላሳምረው ብዬ አጠፋሁት።

የመጀመሪያው ጥፋቴ ማጠብ ነበር። ጠገራ ብሮቹን በሎሚና በአመድ አሸኋቸው፤ እንደ አዲስ ስላብለጨለጩ እናቴ ሳይቀሩ አደነቁልኝ። ዛሬ በማጉያ መነጽር ስመለከታቸው የንግሥቲቱ ጉንጭ በጥቃቅን ጭረት ተሞልቷል። በዘመን ብዛት ብሩ ላይ ያረፈው ጥቁር ግራጫ መልክም አንድ ጊዜ ከለቀቀ ወዲያ አይመለስም። ሁለተኛው ጥፋቴ አልበሙ ነው። ከገበያ ለስላሳና ጥርት ያለ የፕላስቲክ ኪስ ያለው አልበም ገዝቼ ሁሉንም ደረደርሁበት። ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ ስከፍተው በመዳብ ሳንቲሞቹ ላይ አረንጓዴና የሚያጣብቅ ነገር ወጥቶባቸው አገኘሁ።

ነገሩን ለኬሚስትሪ መምህራችን ባሳያቸው ምክንያቱን አስረዱኝ። ያ ለስላሳ ፕላስቲክ ፒ.ቪ.ሲ. የሚባለው ነው። በውስጡ ክሎሪን አለበት፤ እንዲለሰልስ የተጨመረበት ቅባትም እየቆየ ይወጣል። ፕላስቲኩ ሲያረጅ የሚተፋው አሲድ መዳቡንና ብሩን ይበላል። መምህራችን የመዳብ ሽቦ በእሳት አግለው ኪሱን ነኩበትና ሽቦውን እንደ ገና እሳት ውስጥ ቢያገቡት ነበልባሉ አረንጓዴ ሆነ፤ የክሎሪን ምልክት ማለት ነው። (ይህ በቤተ ሙከራ እንጂ በቤት የሚደረግ አይደለም፤ ጢሱ መርዝ ነው።) በገበያ ላይ ሆኖ ለመለየት ግን አፍንጫ ይበቃል፤ እንደ አዲስ የዝናብ ልብስ የሚሸት አልበም አይገዛም። ደኅና የሚባሉት ፖሊፕሮፒሊንና ማይላር ናቸው። እነዚህ ጠጠር ያሉ፥ ሲነኳቸው የሚንኮሻኮሹ፥ ሽታም የሌላቸው ናቸው።

ከዚህ በኋላ ሌላ አልበም ፍለጋ ጀመርሁ። ያኔ ነው ነገሩ ከዕቃ ግዢ አልፎ የታሪክ ጥያቄ የሆነብኝ። (ከዚህ ወዲያ ዓ.ም. ብዬ ካልጻፍሁ በቀር አቈጣጠሩ የአውሮፓ ነው።)

በአሜሪካ ከ1930ዎቹ ጀምሮ እጅግ የተወደደ አንድ ዐይነት አለ። ወፍራም ካርቶን ላይ ክብ ክብ ቀዳዳ ተበስቶ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ሥር ዓመት ይጻፋል፤ ዊትማን የተባለው አሳታሚ በብዛት ያሠራጨው ነው። ለአሜሪካኖች ይስማማል። ከ1909 ጀምሮ የወጣው የሊንከን አንድ ሳንቲም የታተመበትን ዓመት ስለሚይዝ አንድ ልጅ ከሱቅ የተመለሰለትን ዝርዝር እየመረጠ ቀዳዳውን መሙላት ይችላል። ለእኛ ገንዘብ ግን ይህ አልበም ምን ይሆነናል? አሥራ አንዱም ጠገራ ብሮች ላይ የተጻፈው 1780 ነው። ሳንቲሞቹ ላይ የተጻፈውም 1936 ዓ.ም. ነው። ለሁሉም የሚያስፈልጉኝ ሁለት ቀዳዳዎች ብቻ ሊሆኑ ነው።

የኦስትሪያ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞተችው በ1780 ነው። መልኳ ያለበት ብር በቀይ ባሕር አካባቢና በአገራችን ነጋዴዎች ዘንድ ታምኖ ስለ ነበር፥ ከሞተችም በኋላ ዓመቱ ሳይለወጥ መታተሙ ቀጠለ። በ1935 ኢጣልያ አገራችንን ለመውረር ስትዘጋጅ የማተሙን መብት ከኦስትሪያ ተቀብላ በሮም ማተም ጀመረች። እንግሊዞችም ብዙ ሳይቈዩ በለንደን፥ ኋላም በቦምቤ አተሙ። ስለዚህ የቅድመ አያቴ ብር ከእርሳቸው በፊት መቶ ዓመት የኖረ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ለወረራው ጦር ወጪ ተብሎ በሮም የታተመ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም 28 ግራም ይመዝናሉ፤ ሁለቱም 1780 ይላሉ።

የሚለዩት በጥቃቅን ነገር ነው፤ በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ባሉት ዕንቍዎች፥ በጀርባው ባለው ንስር ክንፍና የጅራት ላባ። አባቶቻችንም ብር ሲቀበሉ ዕንቍዎቹን ይቈጥሩ ነበር። እንግዲህ አንዱን ፊት የሚሸፍን አልበም ግማሹን ማስረጃ ይሸፍናል። ከዚህ ሌላ በጠገራ ብር ጠርዝ ዙሪያ በላቲን «በፍትሕና በምሕረት» የሚል ትርጉም ያለው ቃል ተቀርጾበታል፤ በካርቶን ቀዳዳ የተወተፈ ብር ይህን ፈጽሞ አያሳይም። እኔ ራሴ ብሮቹን ከዚያ ከተበላሸው አልበም እስካወጣቸው ድረስ ጠርዛቸው ላይ ጽሑፍ እንዳለ አላውቅም ነበር።

የዐፄ ምኒልክ ብር የጠገራን ብር ቦታ እንዲወስድ ታስቦ በክብደትም በስፋትም ተካክሎ በፓሪስ ታተመ። የመጀመሪያው የያዘው ዓመት 1887 ዓ.ም. ነው። ሕዝቡ ግን የለመዳትን ንግሥት ቶሎ አልለቀቀም። በሣጥናችን ውስጥ አሥራ አንድ ለሁለት መሆኑም ይህንኑ ይመስክር ይሆናል።

የ1936ቱ ነገር ከሁሉ ይልቅ ያስቃል። አዲሱ ገንዘብ የወጣው በ1937 ዓ.ም. ነው፤ ገና በወጣበት ቀን የተጻፈበት ዓመት አልፎ ነበር። ከዚያም ደርግ በ1969 ዓ.ም. የአንበሳ ራስ ያለበትን እስኪያወጣ ድረስ ሳንቲሙ ሁልጊዜ 1936 እንዳለ ኖረ። ሆኖም ስሙኒው ምስጢሩን በቅርጹ ያወጣል። መጀመሪያ ክብ ነበር፤ ከ1952 ጀምሮ ግን ጠርዙ እንደ አበባ የተሸረፈ ሆነ። እኛ ዘንድ ከክቡ አንድ ብቻ አለ።

ስለዚህ የመረጥሁት ዓመት ያልተጻፈበትን፥ ባዶ ኪስ ያለውንና ቅጠሉ የሚወጣ የሚገባውን አልበም ነው። የጠገራ ብር ስፋት 40 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ ኪሱን በማስመሪያ ለካሁ። በአንድ ቅጠል አሥራ ሁለት ኪስ አለ፤ አሥራ ሁለት ጠገራ ብር 336 ግራም መሆኑን አስቤ ቅጠሉ እንዳይቀደድ ስድስት ስድስት አደረግሁ። በእያንዳንዱ ብር አጠገብ ካርድ ጨምሬ የተጻፈውን ዓመት፥ የሚገመተውን ዘመንና ማን እንደ ሰጠን ለየብቻ ጻፍሁ። ለዚህም አባቴንና አክስቶቼን ሦስት እሑድ ጠየቅኋቸው፤ የሰባቱን ብር ታሪክ የሚያውቅ ግን ማንም አልተገኘም። የታጠቡት አሥሩ ብሮች ካርድ ላይ «በ2015 ዓ.ም. በሎሚና በአመድ ታጥቧል» ብዬ ጽፌያለሁ።

አሥራ አንደኛው ብር ከማጠብ የተረፈው ማንጠልጠያ ስለ ተበየደበት ነው። የአባቴ አያት ባለቤት በአንገታቸው ያደርጉት ነበር። በዚሁ ማንጠልጠያ ምክንያት ኪሱ ውስጥ አይገባም። አባቴ ወደ ብር ሠሪ ወስደን እናስነቅለው ቢሉኝ እንዲተዉልኝ ለመንኋቸው፤ አሁን ሌሎቹ በአልበም ተደርድረው እርሱ ብቻ በቆርቆሮው ሣጥን ውስጥ በንጹሕ ነጠላ ቍራጭ ተጠቅልሎ ይገኛል።