የደኅንነት አጣብቂኝ፦ ሁለት ጦር በአንድ ከተማ

«የደኅንነት አጣብቂኝ» በዓለም አቀፍ ግንኙነት ጥናት ውስጥ፣ አንድ ወገን ራሱን ከጥቃት ለመጠበቅ ብሎ የሚያደርገው የጦር ዝግጅት በጎረቤቱ ዓይን የጥቃት ዝግጅት መስሎ ስለሚታይ፣ ጎረቤቱም በተራው እንዲታጠቅ የሚገደድበትንና በመጨረሻ ሁለቱም ከመታጠቃቸው በፊት ከነበሩበት የባሰ ስጋት ላይ የሚወድቁበትን ሁኔታ የሚያመለክት ስያሜ ነው። ጽንሰ ሐሳቡን በ1950 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዚህ ስም ያስተዋወቁት በጀርመን ተወልደው ወደ አሜሪካ የተሰደዱት ምሁር ጆን ኸርዝ ሲሆኑ፣ በ1978 ደግሞ ሮበርት ጀርቪስ አጣብቂኙ መቼ እንደሚከርርና መቼ እንደሚላላ በዝርዝር አስረድተዋል። በአማርኛ «ጸጥታ» ከሚለው ይልቅ «ደኅንነት» የተመረጠው፣ የመጀመሪያው ቃል በዛሬው አነጋገር ከሕግ ማስከበር ጋር የተቆራኘ በመሆኑ ነው፤ «አጣብቂኝ» ደግሞ ችግርን ብቻ ሳይሆን መታጠቅም አለመታጠቅም እኩል የሚጎዱበትን መውጫ ያጣ ሁኔታ ይይዛል።

ከዚህ ሐሳብ ጋር የሚቃረነው፣ ሰላምን የሚሻ ለጦርነት ይዘጋጅ የሚለው ከሮማውያን የወረደ ምክር በደቡብ ሱዳን ታሪክ ውስጥ የሠራበት ጊዜ መኖሩን መካድ አይቻልም። በየካቲት 1972 በአፄ ኃይለ ሥላሴ ሸምጋይነት በተደረሰው የአዲስ አበባ ስምምነት መሠረት በመጀመሪያው የእርስ በርስ ጦርነት ለደቡብ የተዋጉት የአኛኛ አማፅያን የራሳቸውን ጦር አፍርሰው፣ 6,000 ያህሉ ከ6,000 የሰሜን ወታደሮች ጋር በሱዳን ሠራዊት የደቡብ ዕዝ ውስጥ እንዲቀላቀሉ ተደረገ። ፕሬዚዳንት ጃፋር ኒሜሪ በ1983 የደቡብን ራስ ገዝ አስተዳደር አፍርሰው ግዛቱን በሦስት ሲከፍሉ ግን ስምምነቱን የሚያስከብር የራሱ ጦር ደቡቡ አልነበረውም፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ቦር ላይ የተነሣው የወታደሮች አመፅም ለሁለተኛው የእርስ በርስ ጦርነት መነሻ ሆነ። በዚህ ጦርነት የደቡብ አማፅያን መሪ የነበሩት ጆን ጋራንግ ከዚህ ተምረው ይመስላል፣ በጥር 2005 ናይሮቢ ላይ የተፈረመው አጠቃላይ የሰላም ስምምነት የሱዳን ሕዝብ ነጻ አውጪ ሠራዊት ሳይፈታ እንዲቆይ የፈቀደው። በስምምነቱ የታሰበው 39,000 ሰው ያለው የጋራ ጦር በስም ብቻ የተዋሐደ በመሆኑ በ2006 እና በ2009 ማላካል ላይ እርስ በርሱ ተታኩሷል፤ ዋናዎቹ ሠራዊቶች ግን በ1956ቱ የሰሜንና የደቡብ ወሰን ግራና ቀኝ ተራርቀው በመቆየታቸው፣ የጥር 2011 ሕዝበ ውሳኔ ያለ ጦርነት ተካሂዶ 99 በመቶ ገደማ የሚሆነው ድምፅ ሰጪ ነጻነትን መረጠ። በ2008 የሶማሊያ የባሕር ላይ ወንበዴዎች «ፋይና» የተባለችውን መርከብ ሲጠልፉ በውስጧ 33 ቲ-72 ታንኮች ተገኙ፤ ኬንያ የእኔ ናቸው ብትልም የጭነቱ ሰነድ የሚጠቁመው ወደ ደቡብ ሱዳን ነበር። ካርቱም ውጤቱን የተቀበለችው በበጎ ፈቃድ ብቻ አለመሆኑን ለመገመት እነዚህ ታንኮች ይበቃሉ።

ያው ሠራዊት በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ ውስጥ ግን የተገላቢጦሽ ሠራ። በጥር 2006 የጁባ መግለጫ በፓውሊኖ ማቲፕ የሚመሩት፣ አብዛኞቹ የኑዌር ተወላጆች የሆኑባቸው ሚሊሻዎች ወደ ሠራዊቱ ቢገቡም፣ ወታደሩ የሚታዘዘው ለማዕከላዊው ዕዝ ሳይሆን ለቀድሞ አዛዡ ነበር። የነጻዪቱ ደቡብ ሱዳን ፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪር በሐምሌ 2013 ምክትላቸውን ሪክ ማቻርን ከሥልጣን ካነሡ ከአምስት ወራት በኋላ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን የፕሬዚዳንቱ ጥበቃ ክፍል ራሱ ለሁለት ተከፍሎ ተታኮሰ።

ከዚህ ተኩስ የተነሣውን ጦርነት ለማስቆም በነሐሴ 2015 የተፈረመው በኢጋድ አሸማጋይነት የተደረሰ ስምምነት የ2005ቱን ቀመር ወስዶ በአንድ ከተማ ውስጥ አጠበበው፤ የሰነዱ ትልቁ ስሕተትም ይኸው ነው። ማቻር ያለ ጠባቂ ወደ ጁባ መመለስን አልተቀበሉም፣ በ2013 ከሆነው አንጻርም ይህ ምክንያት አልነበረውም ለማለት ያስቸግራል፤ ስለዚህ ከ1,300 በላይ ተዋጊዎቻቸው ቀድመው ገቡ፣ እሳቸው ደግሞ ጠባቂዎቻቸው ስንትና ምን ዓይነት ከባድ መሣሪያ ይያዙ በሚል ክርክር ጉዟቸው ለቀናት ከዘገየ በኋላ፣ ሚያዝያ 26 ቀን 2016 ከጋምቤላ ተነሥተው ጁባ ደረሱ። ጀርቪስ አጣብቂኙን ያከርራሉ ያሏቸው ሁለት ነገሮች፣ ማለትም የመከላከያ መሣሪያ ከማጥቂያው የማይለይ መሆኑና ቀድሞ የመታ ብልጫ የሚያገኝ መሆኑ፣ በዚህች ከተማ ተገናኙ። መሪን የሚጠብቅ መትረየስና ቤተ መንግሥት የሚያጠቃ መትረየስ አንድ ነው፤ በሰሜኑ ወሰን ሁለቱን ሠራዊቶች የለያየው ርቀትም በጁባ ወደ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ወርዶ ነበር። ሐምሌ 7 ቀን በጉዴሌ ሰፈር ኬላ ላይ ተኩስ ተነሣ፤ በማግስቱ ኪርና ማቻር አብረው በተቀመጡበት ቤተ መንግሥት ደጃፍ ጠባቂዎቻቸው ተጨፋጨፉ፤ በቀጣዮቹ ቀናት የመንግሥት ጦር በታንክና በሄሊኮፕተር የማቻርን ሰፈር ደብድቦ ከከተማዋ አስወጣቸው።

ሆኖም ስያሜው ሁሉን ነገር የሚፈታ ቁልፍ ተደርጎ መወሰድ የለበትም። የደኅንነት አጣብቂኝ የሚባለው ሁለቱም ወገኖች ከጥቃት መዳንን ብቻ ሲፈልጉ ነው፤ ሥልጣንንና የነዳጅ ገቢን ጠቅልሎ ለመያዝ የሚታጠቅ ሰው አጣብቂኝ ውስጥ ነው ቢባል ቃሉ ለጥፋት መሸፈኛ ይሆናል። በኦሉሴጉን ኦባሳንጆ የተመራው የአፍሪካ ኅብረት አጣሪ ኮሚሽን በጁባ በታኅሣሥ 2013 የማቻር ብሔር በሆኑት በኑዌር ሲቪሎች ላይ የተፈጸመው ግድያ የተቀናጀ እንደነበረ አረጋግጧል፤ እንዲህ ያለውን ድርጊት ፍርሃት ብቻ አያብራራውም።

በመስከረም 2018 አዲስ አበባ ላይ የታደሰው ስምምነት ሁለቱን ጦር አጠገብ ለአጠገብ ከማስፈር ይልቅ 83,000 አባላት እንዲኖሩት የታቀደ አንድ የተዋሐደ ኃይል እንዲመሠረት ደነገገ። ይህ ሐሳብ ከቀድሞው የተሻለ ነው፣ አፈጻጸሙ ግን ዘገየ፤ የመጀመሪያዎቹ ምልምሎች ነሐሴ 30 ቀን 2022 ጁባ ላይ ሲመረቁ ብዙዎቹ በጠመንጃ ፈንታ የእንጨት ዱላ ይዘው ነበር። መንግሥት ለዚህ ምክንያት ያደረገው የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በሐምሌ 2018 የጣለውን የጦር መሣሪያ ማዕቀብ ነው፤ በጦር መሪዎቹ እጅ የነበረው መሣሪያ ግን ወደ አዲሱ ኃይል አልተዛወረም። በመጋቢት 2025 በላይኛው ናይል ናስር ከተማ የነበረው የመንግሥት ጦር ሰፈር የኑዌር ወጣቶች ታጣቂ ቡድን በሆነው በነጭ ጦር ሚሊሻዎች እጅ ወደቀ፣ ዩጋንዳም ልዩ ኃይሏን ወደ ጁባ ላከች፤ በዚያው ወር 26 ቀን፣ በስምምነቱ መሠረት ወደ ጁባ የተመለሱት ማቻር በመኖሪያ ቤታቸው የቁም እስረኛ ሲደረጉ ፓርቲያቸው የ2018ቱ ስምምነት ፈርሷል ሲል አስታወቀ።