ከልቃቂት እስከ ኩፖን፦ የልብስ ቁጠባ በመራዊና በጣና ዙሪያ

የልብስ ግዢ ይገደብ የሚለው ሐሳብ በአውሮፓ እንደገና እየተነሣ ነው። በርሊን የሚገኘው ሆት ኦር ኩል የተባለ የጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ዘገባ፣ በበለጸጉ አገሮች የሚኖር ሰው በዓመት አምስት አዲስ ልብስ ይበቃዋል ብሏል። ሐሳቡን የተቀበሉ ብዙዎች በምሳሌነት የሚጠቅሱት የብሪታንያን የጦርነት ዘመን ራሽን ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 1 ቀን 1941 የተጀመረው ያ ራሽን ለአንድ አዋቂ ለዓመት 66 ኩፖን ይሰጥ ነበር። የወንድ ሙሉ ልብስ 26፣ የሱፍ ቀሚስ 11 ኩፖን ያስቆርጣል። ሀብታሙም ድሃውም የሚደርሰው ኩፖን እኩል ነበር። ድልድሉ በቀጣዮቹ የጦርነት ዓመታት ቀነሰ፤ ራሽኑም በመጋቢት 1949 ቀረ። በመኻሉ መንግሥት ሕዝቡ ያለውን ልብስ እየጠገነና እያደሰ እንዲለብስ ሰፊ ዘመቻ አካሂዷል።

ይህን ታሪክ ከመራዊ ሆኖ የሚያነብ ሰው ሌላ ጥያቄ ይነሣበታል። መራዊ ከባሕር ዳር በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የሜጫ ከተማ ናት። በአጠገቧ 7,000 ሄክታር ገደማ መሬት እንዲያጠጣ የተሠራው የቆጋ መስኖ አለ። ገበያዋ የሚኖረው በገበሬው ነው። ገበሬው አዲስ ልብስ የሚገዛው እህል ሲገባ ወይም ዓመት በዓል ሲደርስ ነው፤ ልጆቹን ለእንቁጣጣሽ ወይም ለፋሲካ ካለበሰ ብዙ አደረገ ይባላል። እንዲህ ያለውን ሰው በዓመት ከአምስት በላይ አትግዛ ማለት ትርጉም የለውም። ይሁን እንጂ የቁጠባው ጉዳይ እሱንም ይነካዋል፤ እንዲያውም ከማንም በላይ የሚነካው እሱን ነው። በዚህ መጣጥፍ የምከራከረው፣ ልብስ የሚቆጠበው ጨርቁ መርፌ የሚችል፣ ሰፊውም መርፌውን የሚያገኝ ሲሆን ነው ብዬ ነው። የግዢን ቁጥር መገደብ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

የቤት ክርና የዓመት ልብስ

በጎጃም ገጠር የልብስን ልክ ለረጅም ዘመን የወሰነችው ፈታይዋ ናት። ጥጡ ከመተከል ወይም ከመተማ ቆላ ይመጣል። ፍሬው በብረት ተዳምጦ ይለያል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶው በእንዝርት ይፈተላል። ሴትዮዋ ወጥ ሠርታ፣ ውኃ ቀድታ፣ ልጅ አስተኝታ በተረፋት ሰዓት የምታጠነጥነው ልቃቂት ለድርና ለማግ እስኪበቃ ወራት ያልፋሉ። ከዚያ ክሩን ወስዳ ለሸማኔ ትሰጣለች፤ ሸማኔው የሚቀበለው የእጁን ዋጋ ነው። አንድ ቤት በዓመት ስንት ጋቢ፣ ስንት ኩታ፣ ስንት ቀሚስ ሊኖረው እንደሚችል የሚለካው እንግዲህ በገንዘብ ብቻ አልነበረም፤ በአንዲት ሴት የማታ ድካምም ይለካ ነበር። የድሮውን ቁጠባ የሚያመሰግን ሁሉ ይህን ድካም አብሮ ሊቆጥረው ይገባል። ብዙ ጊዜ ግን ሳይቆጠር ይታለፋል።

በዚህ መንገድ የተገኘ ጨርቅ አይጣልም። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ጠርዙ ሲበላ ይታጠፋል፣ መኻሉ ሲሳሳ ይጠገናል፣ ከዚያም ለልጅ መልበሻ ይቀደዳል። ያረጀ ነጠላ የሕፃን መጠቅለያ፣ የጠላ ማጥለያ፣ በመጨረሻም የምጣድ ማሰሻ ይሆናል። የተረፈው ተገምዶ የኩራዝ ክር ሆኖ ይነዳል። ከአንድ ባዘቶ የተነሣው ነገር ከሰው ገላ ወርዶ በምድጃ ዳር እስኪያልቅ ድረስ ሥራ ላይ ነው። እራፊ በእራፊ ላይ የተደረበበት ድሪቶ ግን ሌላ ነገር ነው። ድሪቶ የእረኛና የችግረኛ ልብስ ነበር፤ በቅኔ ቤት የቆሎ ተማሪው ከደበሎው ጋር ያለ እፍረት ሲለብሰው፣ ባለ ትዳር ሰው ድሪቶ ለብሶ ገበያ መውጣቱ ቤቱን ያሳማዋል። ጥገና የቤት ሙያ፣ የተጠገነ መልበስ ደግሞ የድህነት ምልክት ሆነው ጎን ለጎን ኖረዋል። ዛሬ ስለ ልብስ ጥገና የሚያስተምር ሁሉ ይህን እፍረት አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ራሽንን በጣም የሚመስለው አገር በቀል ሥርዓት በእረኛና በአሽከር ውል ውስጥ ይገኛል። ተቀጣሪው ከእህሉ በተጨማሪ የዓመት ልብስ ይቆረጥለታል፤ ከዚያ በላይ መጠየቅ አይችልም፣ ከዚያ በታች መስጠትም ያስወቅሳል። ልብሱ ከዓመቱ ማለቅ በፊት ቢያልቅ ጉዳቱ የተቀጣሪው ነው። ስለዚህ በውሉ ላይ ዋናው ነገር የጨርቁ ጥንካሬ ነበር።

በአውሮፓ የቤት ስፌት ሲባል እናት በመኪና የምትሰፋው የልጅ ቀሚስ ይታሰባል። በእኛ አገር ሴቷ ፈታይ፣ ወንዱ ሸማኔና ሰፊ ሆነው ነው የኖሩት። በጎጃምና በጎንደር ሽመና በአብዛኛው የሙስሊሞችና የቤተ እስራኤል ሥራ ነበር፤ ርስት የተነፈጋቸው ሰዎች የያዙት ሙያ በመሆኑም ሲናቅ ኖሯል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ቢያስነግሩም ንቀቱ በአዋጅ አልጠፋም። የውጭውን የቤት ስፌት ምክር እንዳለ አምጥተን በሜጫ ብንሰብክ፣ ፈትሉን ጨርሳ ለማታውቅ ሴት ተጨማሪ ሥራ እንጭናለን፤ በገበያ ዳር መኪናውን ዘርግቶ የሚሰፋውንም ሰው እንዘነጋለን።

አቡጀዲና ፋብሪካ

የፋብሪካ ጨርቅ የፈትልን የበላይነት የሰበረው ቀስ በቀስ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ የአሜሪካ አቡጀዲ ከኢትዮጵያ ዋና ዋና የውጭ ሸቀጦች አንዱ ነበር፤ ከጣሊያን ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት ደግሞ የጃፓን ርካሽ ጨርቅ ገበያውን ወሰደው። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1961፣ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ ነው። ኃይል የሚሰጠው የጢስ ዓባይ ማመንጫ በ1964 ሥራ ጀመረ። የሶቪየት ኅብረት እገዛ የተደረገለት የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ከ1963 ጀምሮ የጨርቃ ጨርቅ ባለሙያ ያሠለጥን ነበር። ጥጥ፣ ውኃ፣ መብራትና ትምህርት ቤት በአንድ ሐይቅ ዳር ተገናኙ ማለት ነው። የጣና ዙሪያ ሰው ከዚያ በኋላ ጨርቅ በሜትር ገዝቶ፣ ለሰፊ ሰጥቶ፣ በልኩ አሰፍቶ መልበስ ለመደ። የጎጃም ገበሬ መታወቂያ የሆነው አረንጓዴ ቁምጣና ኮት በዚህ መንገድ የሚሰፋ ልብስ ነው። በልክ የተሰፋ ልብስ ጥገናው ይቀላል፤ ሰፊው የት እንዳጠፈው፣ ከውስጥ ምን ያህል እንደተወ ያውቃል።

ካርድና ሰልፍ

መንግሥት በራሽን ጨርቅ ያደለበት የቅርብ ዘመን የደርግ ዘመን ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎችን በቀበሌ አደራጀ፤ የቀበሌው የኅብረት ሱቅ ስኳሩን፣ ሳሙናውን፣ ጨውን በቤተሰብ ካርድ ማደል ጀመረ። ከ1969 እስከ 1970 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት፣ በኋላም በሰሜኑ ጦርነት «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» የሚለው መፈክር ሲነገር፣ የአገሪቱ ፋብሪካዎች ከሕዝቡ በፊት ሠራዊቱን ያለብሱ ነበር። አቡጀዲ፣ ካኪ ወይም ቴትሮን ሱቁ የሚደርሰው አልፎ አልፎ ነው። ሲደርስም ለሁሉ ስለማይበቃ ሰልፉና ሽሚያው ይበረታል፣ ከፊሉም አየር በአየር ተሽጦ በእጥፍ ዋጋ ገበያ ላይ ይወጣል። የከተማ ሰው ያለውን ልብስ ለማቆየት ኮቱን አስተርትሮ አስገለበጠ፣ የሸሚዙን ኮሌታ አዞረ፣ የታላቁን ሱሪ ለታናሹ አስጠበበ። ልብስ ሰፊው ከአዲስ ስፌት ይልቅ በማደስ የሚኖርበት ዘመን ነበር።

በገጠሩ ነገሩ የባሰ ነበር። ጎጃም ትርፍ አምራች በመሆኑ የኮታው ጫና የበረታበት ክፍለ ሀገር ነው፤ ገበሬው እህሉን በተወሰነ ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ያስረክባል። በምላሹ የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሱቅ ጨርቅ ያቀርባል ተብሎ ነበር። እህሉ በግዴታ ይሄዳል፣ ጨርቁ ግን የሚመጣው ከተገኘ ነው። ለገበሬው ኮታውም ራሽኑም የአንድ ዕዳ ሁለት ወገን ነበሩ፤ የሚሰጠው እህል መጠኑ ይታወቃል፣ የሚቀበለው ጨርቅ አይታወቅም። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ታውጆ የእህል ንግድ ሲፈቀድ ገበሬው እፎይ ያለው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

የብሪታንያው ራሽን የሕዝብ ቅቡልነት ያገኘው እኩልነቱ ስለሚታይ ብቻ አልነበረም። ከኩፖኑ ጋር መንግሥት የጨርቁን ጥራትና ዋጋ የሚወስን፣ ሲሲ 41 የሚል ምልክት ያለው የልብስ ደረጃ አወጣ፤ ያን ምልክት ያየ ገዢ ኩፖኑ ለማይረባ ጨርቅ እንዳልወጣ ያምናል። የእኛው የቀበሌ ሱቅ የሚያድለውን ቆጠረ እንጂ የሚያድለው ጨርቅ ስንት ዓመት እንደሚያገለግል አልጠየቀም። በሁለቱ መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት ይህ ይመስለኛል። ያም ሆኖ ብሪታንያዎቹም ተሳስተዋል። እ.ኤ.አ. በ1942 ጨርቅ ለመቆጠብ ብለው የወንድ ሱሪ የታች እጥፋት ከለከሉ፤ ሕዝቡ ስላጉረመረመ በ1944 ክልከላውን አነሡ። የታጠፈ ጨርቅ ሱሪው ሲያጥር የሚፈታ መጠባበቂያ መሆኑ ሲታሰብ የሕዝቡ ማጉረምረም ምክንያት ነበረው።

የዛሬው ገበያ

ዛሬ መራዊ ላይ የሚሸጠው ልብስ ከሁለት ወገን ይመጣል። አንዱ ከውጭ የሚገባ ርካሽ ፖሊስተር ነው። ሌላው ሰልባጅ ነው፤ ልባሽ ጨርቅ ማስገባት የተከለከለ ቢሆንም በቦንዳ ታስሮ በኮንትሮባንድ ይገባል። ሰልባጁ ብዙ ጊዜ ከአዲሱ ይሻላል፤ ጥጥና ሱፍ ስላለው መርፌ ይቀበላል። አዲሱ ፖሊስተር ስፌቱ ሲፈታ ጨርቁም አብሮ ይተረተራል። ከእህሉ ቀንሶ የገዛው ገበሬ ልብሱን ሊያስጠግነው ሲሄድ ሰፊው ይመልሰዋል። ይህን ገበሬ ለምን ቶሎ ቶሎ ትገዛለህ ብሎ መውቀስ ግፍ ነው።

በዓለም ደረጃም የሆነው ይኸው ነው። የኤለን ማክአርተር ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2017 እንዳመለከተው፣ ከ2000 ወዲህ በነበሩት 15 ዓመታት የልብስ ምርት በእጥፍ ገደማ ሲያድግ፣ አንድ ልብስ ከመጣሉ በፊት የሚለበስበት ጊዜ በ36 በመቶ ቀንሷል። ያንን ልብስ የሚሰፉ እጆች ከፊሎቹ የእኛው ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን ጽፏል። ልጆቻችን በርካሽ የሰፉት ልብስ ባሕር ማዶ ተለብሶ፣ ከዚያ በቦንዳ ሊመለስልን ይችላል።

በዚህ ላይ ጦርነት መጣ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. በመራዊ ቢያንስ 45 ሰላማዊ ሰዎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቋል። እንዲህ ባለ ከተማ ስለ ጦርነት ዘመን ቁጠባ የሚጽፍ ሰው፣ ሰዉ የሚለብሰውን የሚያሳድረው ወዶ እንዳልሆነ ሊዘነጋ አይገባውም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ክሩም፣ ዚፑም፣ የመኪናው መርፌም በዶላር የሚገባ ነው። መንገድ ሲዘጋ፣ መብራት ሲጠፋ የሚሠራው የእግር መኪና ብቻ ነው፤ እሱም መለዋወጫ ይፈልጋል።

እንግዲህ በመራዊ ልክ የሚሆን የቁጠባ ፖሊሲ ከየት ይጀምር ቢባል ከተማሪ ደንብ ልብስ ይጀምር እላለሁ። ወላጅ በግዴታ የሚገዛው፣ ሁሉም ልጅ በአንድ ዓይነት የሚለብሰው፣ መንግሥትም የሚያዝበት ልብስ እሱ ነው። የአዲስ አበባ አስተዳደር ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ደንብ ልብስ በነፃ ማቅረቡ ወጪው በሕዝብ ሊሸፈን እንደሚችል አሳይቷል። መራዊ ባለችበት በሰሜን ሜጫ ወረዳ ከዚያም አነስ ባለ ነገር መጀመር ይቻላል። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ጨርቁ ጥጥ የሚበዛበት እንዲሆን፣ በሱሪውና በቀሚሱ ግርጌ የአንድ እጅ ስፋት ያህል እጥፋት እንዲተው፣ በጎንና በክርን በኩል የሚፈታ ስፌት እንዲኖረው ቢያዝዝ፣ ልጁ ሲያድግ ልብሱ አብሮት ሦስት ዓመት ይሄዳል። በየዓመቱ መስከረም ላይ ወላጁ ለሰፊው የሚከፍለው የማስረዘሚያ ብቻ ይሆናል። ጨርቁ ከባሕር ዳር ቢመጣ፣ ስፌቱ በመራዊ ሰፊዎች እጅ ቢሆን፣ ሙያውን በቴክኒክና ሙያ የተማሩ ሴቶችም መኪናውን ቢይዙት፣ ትእዛዙ በየዓመቱ የሚደገም ስለሆነ ክርና መርፌ በጅምላ ማስመጣት ያዋጣቸዋል።