የችግኝ ማቀፊያ ታሪክ፦ ከቅርጫት ወደ ፕላስቲክ፣ ከፕላስቲክ ወደ አሮጌ ጋዜጣ

ስለ ዘር ምርጫ፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ዝናብ በየስብሰባው ብዙ ይነገራል። ችግኝ ከመደብ ተነሥቶ ማሳ እስኪገባ ድረስ ሥሩን ስለሚያቅፈው ነገር ግን እምብዛም አይወራም። ይሁንና ገበሬው ሦስትና አራት ዓመት የደከመበት የቡና ተክል ፍሬ ሊሰጥ ሲል የሚጠወልገው አንዳንድ ጊዜ በዚሁ ማቀፊያ ምክንያት ነው። አበው «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» እንዲሉ፣ የችግኝም ዕድል የሚወሰነው ገና ከአያያዙ ነው።

ጥንታዊው ማቀፊያ

ችግኝን ከነአፈሩ አቅፎ ማዛወር የቆየ ጥበብ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው መቶ ዓመት የግብፅ ንግሥት ሃትሼፕሱት ወደ ፑንት ምድር መርከቦች ልካ ነበር። ብዙ ተመራማሪዎች ፑንትን በቀይ ባሕር ዳርቻና በአፍሪካ ቀንድ አካባቢ ያስቀምጧታል። በዴር ኤል ባህሪ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ የዕጣን ዛፎች ሥራቸው ከነአፈሩ በቅርጫት ሆኖ ሰዎች ሲሸከሟቸው ተቀርጾ ይታያል።

በሜክሲኮ ሸለቆ የነበሩ ገበሬዎች ደግሞ ቅርጫትም አላስፈለጋቸውም። ከሐይቅ ሥር የሚወጣውን ደለል መደብ ላይ አንጥፈው፣ ጠፈፍ ሲል በትናንሽ አራት ማዕዘን ይቆርጡትና በየቁራጩ ዘር ያኖሩ ነበር። ችግኙ ሲደርስ ከነጭቃው ይተከላል። ማቀፊያውም ራሱ አፈር ስለሆነ የሚጣል ነገር አልነበረም።

በአገራችን እንሰት ከእናቱ ጉቶ በሚወጣ ቡቃያ ስለሚራባ ማቀፊያ አይጠይቅም። በደቡብ ምዕራብ የቡና ጫካዎችም ገበሬው ከእናት ዛፍ ሥር በራሱ የበቀለውን ችግኝ ነቅሎ በባዶ ሥሩ ይተክል ነበር። ዝናቡ ከተስተካከለ ይጸድቃል፤ ዝናቡ ከዘገየ ግን ሥሩ ደርቆ ይሞታል።

የፕላስቲክ ዘመን

ፖሊኢትሊን የተባለው ፕላስቲክ በእንግሊዝ አገር የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ እርሻ ሥራም ገባ። በኢትዮጵያ ደግሞ ችግኝን በብዛት ማፍላት አስገዳጅ ያደረገ አንድ ችግር ተከሠተ። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ አውልቅ በሽታ በአገራችን ታየ። እ.ኤ.አ. በ1967 የተቋቋመው የጅማ ምርምር ማዕከል በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን ሲመርጥ፣ እነዚህን ለገበሬው ለማድረስ በርካታ ችግኝ ማፍላት ግድ ሆነ። በቀጠሉት ዓመታት ጥቁሩ የፕላስቲክ ቱቦ የችግኝ ጣቢያዎች መለያ ሆነ።

ፕላስቲኩ ጥቅም ነበረው። እርጥበት ይይዛል፣ ችግኙን ሥሩ ሳይናጋ ሩቅ ያደርሳል፣ ለቡና የሚያስፈልገውን ከስምንት ወር በላይ የሚሆን ቆይታም ይችላል። ጉዳቱ የታየው ውሎ አድሮ ነው። ዋናው ሥር ከቱቦው ታች ሲደርስ ይታጠፋል ወይም ዙሪያውን ይጠመዘዛል። ስለዚህ በተከላ ጊዜ ፕላስቲኩ መቀደድ፣ የታጠፈውም የሥር ጫፍ መቆረጥ አለበት። በጥድፊያ ከነፕላስቲኩ የተተከለ ችግኝ ለጥቂት ጊዜ ለምልሞ በበጋ ይደርቃል። የተቀደደውም ፕላስቲክ በየማሳው ተበትኖ ይቀራል፤ ከብት ይውጠዋል፣ ውኃ ወደ ወንዝ ይወስደዋል።

በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ውፍረታቸው 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆኑ ከረጢቶችን ማምረትና ማስገባት እንዳይፈቀድ ደነገገ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ ጸደቀ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር የሚተከለው ችግኝ በቢሊዮን የሚቆጠር በመሆኑ የማቀፊያው ጉዳይ ይበልጥ ከብዷል።

ወደ አፈር የሚመለስ ማቀፊያ

በውጭው ዓለም መፍትሔ ፍለጋው ቀደም ብሎ ተጀምሯል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በኖርዌይ ከረግረግ አተላና ከእንጨት ቃጫ የተጨመቀ ማቀፊያ ተሠራ። በጃፓን ሆካይዶ ደግሞ ለስኳር ድንች ሳይሆን ለስኳር ቀይ ሥር ችግኝ የሚሆን የወረቀት ማቀፊያ በሥራ ላይ ዋለ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ችግኙ ከነማቀፊያው ይተከላል፣ ማቀፊያው በስብሶ ሥሩን ይለቃል።

ይህ ለአገራችን ቤተሰብ እንግዳ ሥራ አይደለም። ቆሎ ሻጭ ጋዜጣ ጠቅልላ ስትሸጥ ያየ ሁሉ ግማሹን ያውቀዋል። አሮጌ ጋዜጣ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ተደርጎ በጠርሙስ ላይ ይጠቀለላል፤ ትርፉ ከታች ይታጠፋል፤ ጠርሙሱ ሲወጣ ማቀፊያው ይቀራል። ሙጫም ሆነ ክር አያስፈልገውም። አፈርና የበሰለ ብስባሽ ተሞልቶ፣ ማቀፊያዎቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው በጣውላ ሳጥን ይደረደራሉ። የእንቁላል ካርቶንም ለዚሁ ያገለግላል። የሚያብረቀርቅ ባለ ቀለም ወረቀት ግን ቶሎ ስለማይበሰብስ ይተዋል።

ሁለት ነገር መዘንጋት የለበትም። የወረቀቱ ጠርዝ ከአፈር በላይ ከቀረ እርጥበቱን መጥጦ ሥሩን ያደርቃል፤ ስለሆነም ጠርዙ ጭምር መቀበር አለበት። ወረቀት ሲበሰብስም ናይትሮጅን ይሻማል፤ ቅጠሉ ቢጫ ካለ ብስባሽ መጨመር ይገባል።

ወረቀት ለቲማቲም፣ ለጎመንና ለቃሪያ ይበቃል፤ እነዚህ በመደብ የሚቆዩት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ነውና። ለቡና ግን አይበቃም፤ ችግኙ ሳይደርስ ይፈርሳል። ለእርሱ ጠንካራ ነገር ያሻል። የደረቀ የሙዝ ግንድ ልጣጭ፣ በእንሰት ቃጫ የታሰረ ኮባ፣ ከቀርከሃ ስንጥር የተጎነጎነና ጎተራ እንደሚመረግ በእበት የተመረገ ትንሽ ቅርጫት በየአካባቢው ሊሞከሩ የሚችሉ ናቸው። ሁሉም በጓሮ የሚገኙ እንጂ በውጭ ምንዛሪ የሚገዙ አይደሉም።

ይህ ሙከራ ለአንድ ገበሬ ብቻውን ከባድ ነው። የከተማ አሮጌ ጋዜጣና ካርቶን መሰብሰብ፣ ማቀፊያ ለሚጠቀልሉ ሴቶችና ወጣቶች ክፍያ መመደብ፣ ጥቂት መደብ በፕላስቲክ፣ ጥቂቱን በሌላ አፍልቶ የጸደቀውን በየዓመቱ መቁጠር የኅብረት ሥራ ማኅበራት ዐቅም ነው። ከተቆጠረ በኋላ የትኛው ማቀፊያ ለየትኛው ተክል እንደሚበጅ ማሳው ራሱ ይመሰክራል።