ከስልኩ በፊት የነበረው መልእክት

ለነፍሰ ጡር ሴት አጭር መልእክት መላክ አዲስ ነገር አይደለም። ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በሉማሜም ሆነ በሌላው የጎጃም ገበያ፣ ሆዷ የገፋ ሴት ስታልፍ የማያውቋት ባልቴት ሳይቀሩ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ይሏታል። ክፍተቱ ተቆጥሮ 14 ፊደል ነው።

ምርቃቱ እንዲያው ለወግ ያህል አልነበረም። ለወለደችስ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የምንለው ለምን ይመስላችኋል? ከሞት ደጅ ተምራ ስለተመለሰች ነው። ፍርሃቱም ከንቱ አልነበረም። የ1992ቱ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት በሕይወት ለሚወለዱ 100,000 ሕፃናት 871 እናቶች እንደሚሞቱ ገመተ፤ በ2008ቱ ጥናት ቁጥሩ 412 ሆነ።

በመሃል ብዙ ተሠርቷል። የጉራጌው አጣጥ ሆስፒታል በ1960ዎቹ የእናቶች ማቆያ አቋቋመ። በ1995 የጤና ኤክስቴንሽን ተጀመረ። በኋላም ጤና ጣቢያዎች ገንፎውንና ቡናውን ወደ ግቢያቸው አስገቡ። ሴትየዋ የምትሸሸው ምጡን ብቻ ሳይሆን ብቸኝነቱንም እንደሆነ ገባቸዋ!

አሁን ደግሞ ተራው የሞባይል ነው። ደቡብ አፍሪካ በ2006 ዓ.ም. ማብቂያ «ሞምኮኔክት» በተባለ መርሐ ግብር ለነፍሰ ጡሮች ምክር በስልክ መልእክት መላክ ጀመረች። «ትከሻሽ ይላላ፣ በቀስታ አየር ሳቢ፣ አዝግመሽ አስወጪ» የሚል መልእክት ሌሊት ጭንቀት ለያዛት ሴት ቀላል ነገር አይደለም፤ እስትንፋስ ሲረጋ ልብም ይረጋል።

ታዲያ እኛስ? አንድ የጽሑፍ መልእክት በላቲን 160 ሆሄ ሲይዝ፣ በእኛ ፊደል የሚይዘው 70 ብቻ ነው። እሱስ ይሁን፤ በብዙ የገጠር ቤት ስልኩ ያለው ባልየው ኪስ ውስጥ ነው። ባልየው ገበያ ውሎ ሲመጣ መልእክቱም አብሮት ውሎ ይመጣል። ፊደል ያልቆጠረችዋንስ ማን ያንብብላት? አገልግሎቱም ቢሆን በአንድ ትእዛዝ የሚዘጋ ነው። ከ1997 ምርጫ በኋላ ተቋርጦ የተመለሰው በ2000 መባቻ እንደነበር አንረሳውም።

እናም መልእክቱ ይላክ፣ ማን ይጠላል! ግን ለእርሷ ብቻ አይላክ። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም፣ ፊደል ለቆጠረች ጎረቤቷም ይድረስ። ቡናው ሲፈላ ጮክ ብላ ታንብብላት፤ አብረዋትም ይተንፍሱ። የባልቴቶቹ 14 ፊደል ያረጋጋ የነበረው ከሰው አፍ ስለሚወጣ ነው።