መብራት ሲመጣ ራውተሩ አልመጣም

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አሮጌ ራውተር ላይ አዲስ ሶፍትዌር እየጫንኩ መሃል ላይ መብራት ጠፋ። መብራቱ ሲመለስ ራውተሩ አልተነሳም። አንዷ መብራቱ ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች። «ተቃጠለ» ብዬ ነበር፤ ግን የተቃጠለ ነገር አልነበረም። ነገሩ የሚጀምረው ከጃፓን ነው (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)።

የቶሺባው መሐንዲስ ፉጂዮ ማሱኦካ በ1984 ይፋ ያደረጉት ሚሞሪ አንድ ነገር ትቶ ሌላ ያተረፈ ነበር። ቀድሞ የነበረው ኢኢፕሮም እያንዳንዱን ባይት ለብቻ ያጠፋል፤ ግን ውድ ነው። የሳቸው ብዙውን ባንዴ ያጠፋል፣ ስለዚህም ረከሰ። ባልደረባቸው ሾጂ አሪኢዙሚ አጠፋፉ የካሜራ ብልጭታ አስታወሳቸውና «ፍላሽ» አሉት። ስሙ እኮ የወጣው ከማጥፋቱ ነው!

የብራና ጸሐፊ የሳታትን ቃል ብቻ ፍቆ ያርማል። ፍላሽ ይህን አያውቅም። 1ን ወደ 0 መቀየር ይቻላል፤ 0ን ወደ 1 ለመመለስ ግን ሙሉ ብሎክ፣ ለምሳሌ 64 ኪሎባይት፣ መጥፋት አለበት።

የስዊድኑ አክሲስ በ1999 ጄኤፍኤፍኤስ የተባለውን የሊነክስ ፋይል ሲስተም የሠራው ለዚህ ነው፤ አዲሱን ባዶ ቦታ ላይ ይጽፋል፣ አሮጌውን በኋላ ያጸዳል። መብራት ቢጠፋም አሮጌው አለ።

ታዲያ የኔ ለምን ሞተ? ቦታ ስለሌለው ነዋ። በ2003 ሊንክሲስ የደብሊውአርቲ54ጂ ራውተሩን ኮድ ለመልቀቅ ተገደደ፤ ውስጡ ሊነክስ ስለነበር የጂፒኤል ፈቃድ ያስገድደዋል። ከዚያ በ2004 ኦፕንደብሊውአርቲ ተጀመረ። የነዚያ ራውተሮች ፍላሽ ግን 4 ሜጋባይት አካባቢ ነው፣ ዛሬ አንድ የስልክ ፎቶ የሚይዘውን ያህል። አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ አይታሰብም። አዲሱ ራም ላይ ይቆያል፣ አሮጌው ብሎክ በብሎክ ይጠፋል፣ በቦታው አዲሱ ይጻፋል። መብራት ሲጠፋ ራም ባዶ ይሆናል። ፍላሹ ላይ የቀረው ግማሽ አዲስ፣ ግማሽ አሮጌ ነው።

ደግነቱ ቡትሎደሩ የተቀመጠበትን ክፍል ማንም አልነካውም። እሱ ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ በኔትወርክ ኬብል ፋይል ይጠብቃል። ኬብሉን ሰክቼ በቲኤፍቲፒ ላክሁለት፤ ሁለቴ አመለጠኝ፣ በሦስተኛው ያዘ። በዚህኛው ጊዜ ግን ዩፒኤስ ላይ ሰክቼው ነበር።