ነፋስ ጋላቢውን ሲጥለው

ሸራና ጀልባ ከተዋወቁ ሺህ ዓመታት አልፈዋል። በዚያ ሁሉ ዘመን የሸራው ምሰሶ እንደ ቤት ምሰሶ ጸንቶ ተተክሎ ኖረ፤ ነፋስ ሲያይል ጀልባውም ሸራውም ሰውም አብረው ይገለበጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ግን የአውሮፕላን መሐንዲሱ ጂም ድሬክና ወዳጁ ሆይል ሽዋይትዘር በካሊፎርኒያ ይህን ትስስር አላሉት። ከእነርሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ኒውማን ዳርቢ በፔንሲልቬንያ ተቀራራቢ ሐሳብ ሞክሮ ነበር። ድሬክና ሽዋይትዘር ምሰሶውን ወደ ሁሉም አቅጣጫ በሚተጣጠፍ መገጣጠሚያ ከጣውላው ጋር አያያዙት፤ ቀጥ አድርጎ የሚያቆመውም የሰው ክንድ ብቻ ሆነ። በ1968 ያመለከቱበት የፈጠራ መብት በ1970 ተሰጣቸው።

የዊንድሰርፊንግ ምሥጢር ያለው እዚህ ላይ ነው። ብርቱ ነፋስ ሲመጣ ጋላቢው እጁን ይከፍታል፤ ሸራው ውኃው ላይ ይተኛል፤ ጣውላውም ይቆማል። መውደቅ ሽንፈት መሆኑ ቀርቶ መዳኛ ሆነ።

ነገር ግን የፍጥነትን ጣዕም የቀመሰ ሰው መልቀቅን አይወድም። በ1970ዎቹ መጨረሻ የሃዋይ ወጣቶች ከማዕበል ላይ ሲዘሉ ጣውላው እንዳያመልጣቸው የእግር ማሰሪያ አበጁለት። የክንድን ድካም ለማቅለልም ወገብን ከሸራው ጋር የሚያያይዝ መንጠቆ ተለመደ። ፈረሰኛው እርካብ አገኘ እንደ ማለት ነው። የእርካብን ጸጋ የሚያውቅ ግን መዘዙንም ያውቃል፦ እግሩ እንደተያዘ የወደቀ ፈረሰኛ ይጎተታል። በወገቡ የተያያዘው ጋላቢም ድንገተኛ ነፋስ ሲያገኘው እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ወደ ፊት ይወረወራል። ከምሰሶው ይላተማል፤ ቁርጭምጭሚቱ በማሰሪያው ውስጥ ይጠመዘዛል፤ አለዚያም ከሸራው ሥር ሰምጦ መንጠቆውን በዳበሳ ይፈልጋል።

ታዲያ፣ አንባቢ ሆይ፣ ስለ ምን ይመለስበታል? የሚያስፈራውና የሚያስደስተው አንድ ስለሆነ ነው። ጣውላው የውኃውን ገጽ ብቻ እየነካ መንሸራተት ሲጀምር ክብደት የጠፋ ይመስላል፤ ከውድቀት የሚለየውም የጣቶቹ ጭብጥ ብቻ ነው። በ2015 በናሚቢያዋ ሉደሪትዝ፣ ለፍጥነት ተብሎ በተቆፈረ ጠባብ ቦይ፣ ፈረንሳዊው አንቷን አልቦ 500 ሜትሩን በአማካይ 53.27 ኖት፣ ይኸውም በሰዓት ከ98 ኪሎ ሜትር በላይ፣ በረረበት። በዚያ ፍጥነት የወደቀን ሰው ውኃ እንደ ውኃ አይቀበለውም።

ከሁሉ የከፋው ውድቀት ግን ተመልካች የሌለው ነው። በ1979 የቤሪንግን ወሽመጥ በጣውላ የተሻገረው ፈረንሳዊ አርኖ ደ ሮዝኔ፣ በኖቬምበር 1984 ከቻይና ወደ ታይዋን ብቻውን ተነሣ፤ ዳግመኛም አልታየም። ነፋስ ጥሎት ይሁን ማዕበል፣ የሚመሰክር የለም። ሸራን መልቀቅ ከነፋስ ያድናል፤ ወደ ዳርቻ የሚመልሰው ግን ያው የተለቀቀው ሸራ ነው።